ምዕራፍ ሰባት፦ የዱባ ማሳና የአፈር ምርመራ ውጤት

የአፈር ምርመራ ውጤት የሰፈረበት ወረቀት ከላይ እስከ ታች በቁጥር የተሞላ አንድ ሰንጠረዥ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩና እኩል የሚታመኑ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዳንዶቹ የአፈሩን ጠባይ የሚለኩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸውን ጠቅላላ ሀብት የሚቆጥሩ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ተክሉ በአንድ የእድገት ወቅት ከዚያ ሀብት ምን ያህሉን ሊያገኝ እንደሚችል በኬሚካል የሚገምቱ ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ወረቀቱን የሚያነብ አልሚ «ዝቅተኛ» የሚል ቃል ባየበት ሁሉ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ «ከፍተኛ» የሚል ባየበት ደግሞ ይደሰታል፤ ሁለቱም ግን የዱባን ማሳ ሊጎዱ ይችላሉ። አንዱ ቁጥር የሌላውን ትርጉም ስለሚለውጥ ወረቀቱ በቅደም ተከተል መነበብ አለበት፤ በቅደም ተከተል ሲነበብም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከሚጠበቀው ያነሰ፣ አንዳንዴም ምንም እንዳይጨመር የሚል ሆኖ ይገኛል።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ለዕፅዋት ተመራማሪም እውነት ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ቢሆኑም ቅል መገኛው አፍሪካ ሲሆን ዱባ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነውና። ዱባ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል የተሸከመ ረጅም ሐረግ ዘርግቶ፣ ከራሱ ቅጠልና ግንድ የሚከብድ ፍሬ ስለሚያፈራ፣ ምግቡን የሚፈልገው በአጭር ጊዜና በብዛት ነው። የዚህ ፍጥነት ጫፍ የታየው ለክብደት ውድድር በሚተከሉት ግዙፍ ዱባዎች ላይ ሲሆን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ትራቪስ ጊንገር የተባለው የሚኒሶታ አትክልተኛ በካሊፎርኒያ ያስመዘነው ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ገደማ በመድረስ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። በዚህ ውድድር የሚሳተፉ አልሚዎች ከዘር ምርጫ ቀጥሎ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ለአፈር ምርመራ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም፤ ለጓሮ ዱባ የሚሠራውም የአፈር ሕግ ያው ነው።

የዱባ ሐረግ መሬት ለመሬት ሲሄድ ቅጠል በሚያወጣበት አንጓ ሁሉ አፈር ካገኘ ተጨማሪ ሥር ይሰዳል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እንደተለመደው አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በፍግ ሞልቶ፣ ዘሩን በዚያ ላይ መትከል ለችግኙ መነሻ መልካም ቢሆንም፣ ከሁለት ወር በኋላ ተክሉ የሚመገበው ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ሐረጉ ካረፈበት መሬት ሁሉ ነው። ስለዚህ ለምርመራ የሚወሰደው ናሙና ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ሐረጉ ይደርስበታል ተብሎ ከሚገመተው ስፍራ ሁሉ መሰብሰብ ይኖርበታል።

ስለ ናሙና ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በወረቀቱ ላይ ከሚታየው ስህተት ብዙው የሚፈጠረው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ማሳው ላይ ነውና። ርዝመቱም ወርዱም 10 ሜትር የሆነ ማሳ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈሩ፣ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,200 ኪሎ ይመዝናል ተብሎ ቢሰላ፣ 18,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ላቦራቶሪው ለአንዱ ምርመራ የሚጠቀመው ግን ጥቂት ግራም ብቻ ነው። እነዚያ ጥቂት ግራሞች ለ18,000 ኪሎ እንዲመሰክሩ ከተፈለገ፣ በማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተባለ ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑ ቦታዎች እኩል ጥልቀትና እኩል መጠን ያለው አፈር ተቆፍሮ፣ በንጹሕ ባልዲ ተደባልቆ፣ ከዚያ ግማሽ ኪሎ የሚያህል ተወስዶ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። አመድ የሚደፋበት፣ ከብት የሚያድርበት፣ አጥር ሥር ያለው ቦታ ከሌላው ጋር አይደባለቅም፤ እንዲህ ያለው ቦታ ለብቻው የሚያጓጓ ከሆነ ለብቻው ናሙና ይወሰድለታል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር የደረቀ፣ ቀድሞ ማዳበሪያ በነበረበት ከረጢት የተላከ አፈር የሚሰጠው ቁጥር ትክክለኛ ቢመስልም ስለዚያ ማሳ አይናገርም።

ከወረቀቱ መጀመሪያ የሚነበበው ፒኤች ነው። ፒኤች በአፈር ውኃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን፣ የፈጠረውም ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሲሠራ ነው። 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ተብሎ የሚታወቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው አሥር ጊዜ፣ 7 ከሆነው ደግሞ መቶ ጊዜ ይበልጥ አሲዳማ ነው። ለዱባ የሚመቸው ከ6.0 እስከ 6.8 ያለው ሲሆን፣ ልኬቱ በንጹሕ ውኃ ሳይሆን በጨው ውሕድ የተደረገ ከሆነ ቁጥሩ ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ በየትኛው እንደተለካ ከወረቀቱ ማረጋገጥ ይገባል።

ፒኤች መጀመሪያ የሚነበብበት ምክንያት የሌሎቹን ቁጥሮች ትርጉም ስለሚወስን ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የተሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ስለሚያደነዝዘው ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፣ ተክሉም እርጥበትና ምግብ ባለበት መሬት ላይ እየተራበ ይጠወልጋል። በዚያው ጊዜ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን አጥብቀው ይይዙታል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ በብዛት መጨመር ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት አሲዳማነቱ ነው። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከባድ ነው፤ በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት ይገመታልና። በጎጃም፣ በአዊ፣ በወለጋና በጉራጌ ዝናብ በሚበዛባቸው ቀይ አፈሮች ላይ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለዘመናት በውኃ እየታጠቡ ስለሄዱ ቦታቸውን አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን ይዘውታል።

መፍትሔው ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን ከፒኤች ብቻ አይታወቅም። ፒኤች በአፈሩ ውኃ ውስጥ በዚያ ሰዓት ያለውን አሲድ ሲለካ፣ በሸክላና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ በመጠባበቂያነት የተቀመጠውን አይለካም። ያንን የሚያሳየው «ተለዋዋጭ አሲዳማነት» የሚባለው ቁጥር ሲሆን የሚለካውም በሴንቲሞል በኪሎ ግራም ነው። አንድ ሴንቲሞል አሲድ ለማምከን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አፈር ግማሽ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል። ከላይ የተጠቀሰው ማሳ ተለዋዋጭ አሲዳማነቱ 1.2 ቢሆን፣ ለኪሎ አፈር 0.6 ግራም፣ ለ18,000 ኪሎ ደግሞ 10.8 ኪሎ ግራም ኖራ ያስፈልገዋል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ፈጽሞ ንጹሕ ስላልሆነና ከአፈሩም ጋር በእኩል ስለማይዋሐድ ባለሙያዎች ይህንን በ1.5 ያባዙታል፤ ያም 16 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኖራው ዱቄት በሆነ መጠን ፈጥኖ ይሠራል፤ አሸዋ የመሰለው ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ዱባው ከመተከሉ አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ ኖራው በእኩል ተበትኖ፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ተቆፍሮ መቀላቀል አለበት፤ ከትኩስ ፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን ከተጨመረ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይበናል።

የምድጃ አመድም አሲድን ያመክናል፤ ካልሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ስላለው በብዙ ቤት ጓሮው ከሩቁ እርሻ ይልቅ ለም የሆነው በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው። የማምከን ኃይሉ ግን እንደ እንጨቱ ዓይነት የሚለዋወጥ፣ ከኖራም ያነሰ ነው። ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ተቃራኒው ጉዳይ ነው። አመድ ለዓመታት የተደፋበት ጓሮ ፒኤቹ 7 ካለፈ፣ ተጨማሪ አመድ ዚንክን፣ ብረትንና ማንጋኒዝን ከሥሩ ስለሚያርቃቸው ለጋው ቅጠል በአረንጓዴ ጅማቶቹ መካከል ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። «አመድ ለዱባ መድኃኒት ነው» የሚለው ልማድ ለቀዩ ኮረብታ እውነት ሆኖ ለቤቱ ጀርባ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው አንድ የፒኤች ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ኦርጋኒክ ካርቦን ይመጣል። ይህ ቁጥር የበሰበሰውን ዕፅዋትና ፍግ መጠን የሚያሳይ ሲሆን፣ በብዙ ላቦራቶሪዎች ዎክሊና ብላክ በ1934 እ.ኤ.አ. በደረሱበት ዘዴ ይለካል። ካርቦኑ በ1.724 ሲባዛ የኦርጋኒክ ቁስ ግምት ይገኛል፤ ካርቦኑ 2.0 በመቶ የሆነ አፈር 3.4 በመቶ ገደማ ኦርጋኒክ ቁስ አለው ማለት ነው። አንዳንዱ ወረቀት የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ስለሚጽፍ ሁለቱን ሳይለዩ ማነጻጸር አፈሩ በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ የለማ ወይም እጅግ የተጎዳ ያስመስለዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ጠቅላላ ናይትሮጅን በወረቀቱ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ጠቅላላ ናይትሮጅኑ 0.18 በመቶ የሆነ ማሳ በ18,000 ኪሎ አፈሩ ውስጥ 32 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ዱባ ግን ለ100 ካሬ ሜትር በወቅቱ የሚፈልገው ከ0.7 እስከ 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ታዲያ ለምን ማዳበሪያ ያስፈልጋል? ያ ሁሉ ናይትሮጅን በብስባሹ ውስጥ የተቆለፈ ስለሆነና በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት በዓመት የሚፈቱት ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እጁን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ያም ከ0.3 እስከ 1 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ናይትሬት የሚባለው ዝግጁው ክፍል ደግሞ ከዝናብ ጋር ስለሚታጠብ፣ በበልግ መጀመሪያ የተለካው በክረምት አጋማሽ የለም። ስለዚህ ስለ ናይትሮጅን ከወረቀቱ ይልቅ ቅጠሉ የተሻለ ምስክር ነው። ሲጎድል የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ይገረጣሉ፤ ሲበዛ ሐረጉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይንሰራፋል፣ ቅጠሉ ይበረክታል፣ ፍሬ የሚይዙት ሴቴ አበቦች ግን ይዘገያሉ፣ ይቀንሳሉም። በዱባ ላይ ከሚፈጸሙት የማዳበሪያ ስህተቶች በጣም የተለመደው ይኸው መብዛቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምለሙ ሐረግ ለዓይን ደስ ስለሚል አልሚው መሳሳቱን የሚያውቀው ፍሬ ሲያጣ ነው።

ፎስፈረስ በወረቀቱ ላይ «ሊገኝ የሚችል» በሚል ቃል ታጅቦ ይጻፋል። ላቦራቶሪው አፈሩን በአንድ ውሕድ ያጥብና ውሕዱ ፈልቅቆ ያወጣውን ይለካል፤ ሥር የሚያወጣው ግን ከውሕዱ ጋር አንድ አይደለም። ብሬይና ኩርትዝ በ1945 እ.ኤ.አ. ለአሲዳማ አፈር፣ ኦልሰንና ባልደረቦቹ በ1954 ኖራ ላለበት አፈር፣ አዶልፍ ሜህሊች ደግሞ በ1984 ብዙ ንጥረ ነገሮችን በአንዴ ለመለካት የየራሳቸውን ውሕድ አውጥተዋል። አንዱን አፈር በሦስቱ ዘዴ ቢያስመረምሩት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። በኦልሰን ዘዴ በኪሎ ግራም አፈር 10 ሚሊ ግራም ገደማ መካከለኛ ሊባል ሲችል፣ ሜህሊች 3 በሚባለው የሜህሊች ውሕድ ግን ለብዙ ሰብል በቂ የሚባለው ወደ 30 ነው። የዘዴው ስም ያልተጻፈበት የፎስፈረስ ቁጥር ምንዛሬው እንዳልታወቀ ገንዘብ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ወደ ላቦራቶሪው መልሶ መጠየቅ አሳፋሪ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ በማዳበሪያው ጆንያ ላይ ነው። ላቦራቶሪው ፎስፈረስን በንጥሩ ሲጽፍ፣ ጆንያው ግን በፎስፈረስ ኦክሳይድ መልክ ይጽፋል። 19-38-7 ተብሎ የሚታወቀው ኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ሰልፈር አለው፤ ኦክሳይዱ በ0.44 ሲባዛ ንጹሑ ፎስፈረስ 17 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ ይታያል። ለፖታሲየም ኦክሳይድ ማባዣው 0.83 ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የጓሮና የእርሻ መሬት ልዩነት በግልጽ ይወጣል። የቤት ጥራጊ፣ የምድጃ አመድ፣ የበግና የዶሮ ፍግ ለዓመታት የተከማቸበት ጓሮ በሜህሊች 3 ከ100 በላይ የሆነ ፎስፈረስ ቢያሳይ አያስደንቅም። እንደ ናይትሬት በዝናብ ስለማይታጠብ እዚያው ይከማቻል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለባለ ጓሮው የሚነግረው ለዘንድሮው ብቻ ሳይሆን ለመጪዎቹ ዓመታትም ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ እንዳይገዛ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ፎስፈረስ ተክሉ ዚንክ እንዳያገኝ ያደርጋልና። የዚያ ቤት ፍግ ወደ ሩቁ ቀይ መሬት ቢሸከም ሁለቱም መሬት ይጠቀማል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ሲነድ የሚጠፋው ናይትሮጅንና ካርቦን ደግሞ በየትኛውም ጆንያ በቀላሉ የማይተካ በመሆኑ፣ ስለ አፈር ለምነት የሚጨነቅ ሁሉ ስለ ማገዶም መጨነቅ ይኖርበታል።

ፖታሲየም ዱባ ከሚወስዳቸው ንጥረ ነገሮች ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ከፍሬው ጋር ከማሳው ስለሚወጣም በየዓመቱ ዱባ የሚነሣበት መሬት ቀስ እያለ ይከሳል። በወረቀቱ ላይ አንዳንዴ በሚሊ ግራም፣ አንዳንዴ በሴንቲሞል ይጻፋል፤ አንድ ሴንቲሞል ፖታሲየም 391 ሚሊ ግራም፣ አንድ ሴንቲሞል ካልሲየም 200 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም ደግሞ 122 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፖታሲየም እጅግ ሲበዛ ማግኒዚየም ወደ ሥሩ እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ አመድ የጠገበ ጓሮ ውስጥ አሮጌ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መካከል ቢጫ ሲሆኑ መፍትሔው ሌላ ማዳበሪያ መፈለግ ሳይሆን አመዱን ማቆም ነው።

እነዚህን ሦስት ንጥረ ነገሮች አፈሩ ምን ያህል ይዞ ማቆየት እንደሚችል የሚያሳየው «የካታዮን የመለዋወጥ አቅም» ነው። ሸክላና ብስባሽ አሉታዊ ሙል ስላላቸው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች እንደ ጎተራ ይይዛሉ፤ አሸዋማ አፈር ትንሽ ጎተራ ስላለው ማዳበሪያው ተከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል፣ ጥቁር ዋልካ ግን ትልቅ ጎተራ አለው። በጎተራው ውስጥ የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የፖታሲየም ድርሻ ስንት ከመቶ መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ ረጅም ክርክር አስነሥቷል። የሩትገርሱ ፈርማን ቤር በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. 65 በመቶ ካልሲየም፣ 10 በመቶ ማግኒዚየምና 5 በመቶ ፖታሲየም የሚል ምጣኔ ሲያቀርብ፣ የሚዙሪው ዊሊያም ኦልብሬክት ሐሳቡን አስፋፍቶታል፤ የግዙፍ ዱባ አልሚዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ምጣኔ ለመድረስ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮፒትኬና ሜንዚስ የተደረጉትን ጥናቶች መርምረው፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በመጠኑ በቂ እስከሆነ ድረስ ትክክለኛ ምጣኔ የሚባል ነገር ምርት እንደማይጨምር አሳይተዋል። ማስረጃው ከእነርሱ ጋር ስለሆነ የጓሮ አልሚ ስለ ምጣኔው ሳይጨነቅ እጥረትና ከመጠን ያለፈ ብዛት መኖር አለመኖሩን ብቻ ቢያይ ይበቃዋል። በዱባ ፍሬ ጫፍ ላይ የሚታየው መበስበስም ብዙ ጊዜ የካልሲየም እጥረት ቢባልም፣ ካልሲየም ከውኃ ጋር ብቻ ስለሚጓዝ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጨቀይ የሚመጣ የውኃ አሰጣጥ ችግር ነው።

በጥቂቱ ከሚፈለጉት ውስጥ ቦሮን ለዱባ ልዩ ጥቅም አለው፤ ያለ እርሱ የወንዴው ዱቄት በሴቴው አበባ ውስጥ በሚገባ አይበቅልምና። ይሁንና በሚበቃውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ያለ ምርመራ መጨመር አይገባም። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት በአገሪቱ ካሉ ወረዳዎች ናሙና ሰብስቦ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ የሰልፈር፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት በስፋት እንዳለ ካሳየ በኋላ፣ ለዓመታት ያገለገለው ዳፕ የተባለ ማዳበሪያ በኤን.ፒ.ኤስ.ና በተቀላቀሉ ማዳበሪያዎች ተተክቷል። ከዚህ መረጃ የተሠራው ካርታ ግን ስለ ወረዳው እንጂ ስለ አንድ ጓሮ አይናገርም፤ ጓሮውና ከአጥሩ ውጭ ያለው እርሻ በአንድ ቀለም ተቀብተው እያለ በእውነት ግን ሁለት የተለያዩ አፈሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ወረቀቱ ጨርሶ የማይጽፈውም አለ። በጥቁር ዋልካ ላይ ፒኤቹ የተስማማ፣ ፖታሲየሙ የሞላ፣ የመለዋወጥ አቅሙ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ዱባው በክረምት ሊበሰብስ ይችላል፤ ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ስለሚዘጋ ሥሩ አየር ያጣልና። ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ይሞላበታል፤ ያ ከሰረገ በኋላ እንደገና ተሞልቶ በማግስቱ ውኃው እዚያው ካለ፣ ከማንኛውም ማዳበሪያ በፊት ማጠንፈፊያ ቦይና ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋል።

የተባለውን ወደ አንድ ማሳ ሰብስቦ ለማየት፣ ፒኤቹ 5.1፣ ተለዋዋጭ አሲዳማነቱ 1.2፣ ኦርጋኒክ ካርቦኑ 2.0 በመቶ፣ ጠቅላላ ናይትሮጅኑ 0.18 በመቶ፣ በሜህሊች 3 ፎስፈረሱ 8፣ ፖታሲየሙ 140 ሚሊ ግራም የሆነ 100 ካሬ ሜትር ቀይ አፈር ለምሳሌ ይወሰድ። የመጀመሪያው ሥራ 16 ኪሎ ኖራ ነው። ከዚያም 250 ኪሎ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ቢጨመር፣ ግማሹ ውኃ መሆኑ ታስቦ፣ በውስጡ 1.5 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይኖራል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀው ግን ከ150 እስከ 300 ግራም ብቻ ነው። ፎስፈረሱ በእውነት ዝቅተኛ ስለሆነ 2.5 ኪሎ ኤን.ፒ.ኤስ. ሲተከል ቢሰጠው 420 ግራም ገደማ ፎስፈረስና 475 ግራም ናይትሮጅን ያገኛል። ይህ በአሲዳማ አፈር ላይ በሙሉ ከመበተን ይልቅ ከዘሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በየጉድጓዱ ዙሪያ ቢቀበር በብረትና በአሉሚኒየም የሚያዘው ይቀንሳል። አፈሩ ራሱ ከሚሰጠው ከ0.3 እስከ 1 ኪሎ ናይትሮጅን ጋር ሲደመር ድምሩ ቢያንስ 0.9 ኪሎ ስለሚሆን ዩሪያ ገና ከመነሻው አያስፈልግም፤ ሐረጉ መዘርጋት ሲጀምር የታችኛው ቅጠል ከገረጣ ግማሽ ኪሎ ዩሪያ፣ ማለትም 230 ግራም ናይትሮጅን፣ በእርጥብ አፈር ላይ ተሰጥቶ ወዲያው ይሸፈናል። ፖታሲየሙ መካከለኛ ስለሆነ ከቤት የሚወጣ ንጹሕ የእንጨት አመድ በስሱ ቢበተን ለእርሱም ለአሲዳማነቱም ይረዳል፤ በአመዱ መጠን ልክም ኖራው ሊቀነስ ይችላል።

በአንጻሩ የዚያው ቤት የጓሮ ናሙና ፒኤቹ 7.2፣ ፎስፈረሱ 150፣ ፖታሲየሙ 600 ሆኖ ቢመጣ፣ ኖራም፣ አመድም፣ ኤን.ፒ.ኤስ.ም አይጨመርበትም፤ ሐረጉ ሲገረጣ የሚሰጥ ጥቂት ዩሪያና አፈሩን ከፀሐይ የሚከልል ሣር ይበቃዋል። ሁለቱ ማሳዎች ከመቶ እርምጃ ባነሰ ርቀት ላይ ሆነው አንድ ዓይነት ማዳበሪያ በአንድ መጠን ቢሰጣቸው አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይጠግባል፣ ወጪው ግን እኩል ነው።

ኖራ ሥራውን ለመጨረስ አንድ የዝናብ ወቅት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድበት፣ ቀጣዩ ምርመራ የሚደረገው ቶሎ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ናሙናው በመጀመሪያው ዓመት በተወሰደበት ወር፣ በዚያው ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ወደዚያው ላቦራቶሪ ተልኮ በዚያው ዘዴ ከተመረመረ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይችላሉ፤ የፒኤቹ ከ5.1 ወደ 5.9 መውጣትም የአፈሩ እንጂ የመለኪያው ለውጥ አለመሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ለማሳው የተሰጠው ኖራ፣ ብስባሽና ማዳበሪያ በኪሎ ከነቀኑ፣ የተነሣው ዱባም ከነክብደቱ በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፋል።